በጫት ሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ሸማ

ጋቢ ከአንድ ቁራጭ አይሠራም። ለብሳችሁት ስታድሩ ልብ አትሉት ይሆናል እንጂ መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስፌት አለ። ሁለት ሸማ ለየብቻው ተሸምኖ፣ ጎን ለጎን ተገጥሞ ነው አንድ ጋቢ የሚወጣው። እኛ እያንዳንዱን ግማሽ «ጎን» እንለው ነበር። አብዛኛው ሸማኔ ሁለቱንም ጎን ራሱ ይሠራዋል። እኔና ባልንጀራዬ ግን ተካፍለን ነበር የምንሠራው፤ አንዱን ጎን እሱ፣ አንዱን ጎን እኔ። ከዚያ ባለቤቴ ትሰፋዋለች። የቱ የእኔ፣ የቱ የእሱ እንደሆነ ስትጠየቅ እያገላበጠች አይታ «እኔ ምን አውቄ፣ አንድ ሰው የሠራው ነው የሚመስለው» ትላለች። ይኼን ስትል ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ ከሰማሁት ምስጋና ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ሸማኔ ያልሆነ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያየው ይሆናል። ድሩን ወጥረህ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እያሾለክህ፣ ማጉን በመምቻው ወደ ራስህ ትመታዋለህ። አንዱ ሲመታ ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። የእጅ ክብደት እንደ ሰው አካሄድ ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል። የእኔና የእሱ ግን አልተለያየም። ዶርዜ ሳለን ሁለታችንንም ያስተማረን አባቴ ነው። ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓዳችን አንድ ስለነበረ ተራ በተራ እየተቀመጥን፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ አደግን። የእናቴ ልጅ አይደለም፤ ከእናቴ ልጆች ጋር ግን እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሥራ ፍለጋ ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ሸማኔዎች በተደረደሩበት መንደር አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ዳስ ተከራየን። እግራችንን የምናስገባበትን ጉድጓድ ፊት ለፊት ቆፈርን፤ ስንሠራ የምንተያየው እንዲያ ነው። የደጋ ሰዎች ነንና ሙቀቱ ገደለን። ከጉድጓዱ በቀር የሚቀዘቅዝ ቦታ አልነበረም።

«ኢሻ» ይለኛል ባልንጀራዬ ላቡን እየጠረገ፣ «ከወገቤ በታች ዶርዜ ነኝ፣ ከወገቤ በላይ አርባ ምንጭ።»

ኢሻ በእኛ ቋንቋ ወንድሜ እንደማለት ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ቀትር ላይ ባለቤቴ ኩርኩፋ ታመጣልናለች፤ የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ሽፈራው ከሚሉት ከሀለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ በአንድ ሳህን። እሱ ገና አላገባም ነበርና የእኛ ቤት ቤቱ ነው። በልተን፣ ቦርዴ የምንለውን የእህል መጠጥ ትንሽ ቀምሰን፣ ጋደም እንላለን። ጥላው ሲዞር እንነሳለን። ባለጠጋ አላደረገንም ይኼ ኑሮ፣ ግን ማንንም አላስቀናንም፣ በማንም አልቀናንም። እኔ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ጫት ያኔም በአርባ ምንጭ አዲስ ነገር አልነበረም። ግን የሾፌርና የረዳት ነገር ነበር፤ መናኸሪያ አካባቢ የሚቀር። ወደ ሸማኔ መንደር ያስገባው አንድ ሰው ነው። ከእኛ ረድፍ ፊት ለፊት ሱቅ ከፈተ። ወጣት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት የሚስቅ። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። አልነበረም። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ የሁላችንንም ስም በጥቂት ቀን ውስጥ ያዘ። እኔ እስከ ዛሬ የጎረቤቶቼን ልጆች ስም አቀላቅላለሁ።

ሱቁን በከፈተ ሰሞን በየዳሱ እየዞረ ለእያንዳንዱ ሸማኔ አንድ አንድ እስር ጫት ሰጠ። እኛ ጋ ሲደርስ በራችን ላይ ቁጢጥ ብሎ፣

«ግዙ አላልኩም» አለን። «ቅመሱ ነው ያልኩት። ካልጣማችሁ ለፍየል ስጡት፤ ፍየሏ ታመሰግነኛለች።»

«ፍየል የለንም» አልኩት።

«እንግዲያው ፍየል እስክትገዛ አንተው ያዝላት ጋሼ።»

ባልንጀራዬ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሁለታችንም ቃምን። እኔ ልቤ መታ፣ እንቅልፍ አጥቼ ጣሪያ ስቆጥር አደርኩ። መጀመሪያዬም መጨረሻዬም ያው ሆነ። ጨዋነት አይደለም፤ አልተስማማኝም፣ አለቀ። ባልንጀራዬ ግን የዚያን ዕለት ቀና ሳይል እስኪመሽ ሸመነ።

«ኢሻ፣ እጄ እኮ ብቻውን ይሄዳል» አለኝ፣ ጣቶቹን እንደ አዲስ ነገር እያየ።

በማግስቱ በነጻ የሚሰጥ እስር አልነበረም። ሱቁ ግን ክፍት ነበር።

አሁን ስለ ሽቦው ልንገራችሁ። ያ ሰው ከሱቁ ክዳን ጠርዝ ላይ ሽቦ ዘረጋ። በየገበያው ቀን ከአንዱ ሸማኔ አንድ ጎን ይዋስና መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው አሰማምሮ ይሰቅለዋል። ከሥሩ ይቆምና «የሳምንቱ እጅ» ብሎ የሸማኔውን ስም ይጠራል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ነጋዴዎችም መጀመሪያ እዚያ ቆመው ማየት ለመዱ፤ ስሙ የተጠራው ሸማኔ ዳስ ድረስ ይሄዳሉ። የሚሰቀለው ግን የደንበኛው ብቻ ነው። አንድም ቀን «ጫት ግዙ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሸማውን ብቻ ያወድሳል። ሰው ጠርዙን እየዳሰሰ ይደነቃል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ቅጠሉን ይገዛል።

የእኛን የሸማኔዎችን ልብ ደግሞ አወቀ። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ማንም አያየውም። ሥራውን ሌላ ሰው ይለብሰዋል፣ ሌላ ሰው ይሞገስበታል። ስሙ በአደባባይ የሚጠራለት ሸማኔ ማን አለ? ያ ሰው ያንን ሰጠን። ከቅጠሉ ይልቅ የሸጠልን እሱን ነው እላለሁ።

የባልንጀራዬ ጎን ተሰቀለ። ደግሞ ተሰቀለ። የእኔ አልተሰቀለም።

እንዴት እንደሆንኩ እንደነበረ ልጻፈው። የእሱ ጎን እኮ የእኔ ጎን ማለት ነው፤ ባለቤቴ እንኳ አትለየውም። ተሰቅሎ ሲወደስ ቆሜ እሰማለሁ፣ የሚጠራው ስም ግን የእሱ ነው። ሰዎች ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ያልፋሉ። እኔን «አንተስ አለህ?» ብለው ያልፋሉ። ቤት ገብቼ እንጀራ ሲቀርብልኝ አልበላ ይለኛል፤ እኔ ሳልቅም የቃመ ሰው ሆንኩ።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሄጄ ጠየቅሁት። እንደ ቀልድ አድርጌ ነው የጠየቅሁት።

«የእኔን የማትሰቅለው ጠርዙ ጎብጦብህ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ የአንተ ጠርዝማ ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። «ግን አንተ እንቅልፍ ትወዳለህ። የተኛ ሰው ስም ጠርቼ ልቀስቅስ?»

ሱቁ ውስጥ አብረው ለመቃም በርጫ ላይ የተቀመጡት ሸማኔዎች ሳቁ። ባልንጀራዬ ከመካከላቸው ነበር። እሱም ሳቀ፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ነው የሳቀው። ያቺ ትንሽ ሳቅ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ።

ከሽቦው ይልቅ የቀናሁት በቃሚዎቹ ምንጣፍ ነው። ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ኦቾሎኒ አቅርቦ፣ ካሴት ከፍቶ ያስቀምጣቸዋል። ወሬያቸው ይሰማኛል። ባልንጀራዬ ለእኔ ብቻ ይነግራቸው የነበሩትን ቀልዶች እዚያ ሲያወራ እሰማ ጀመር። «ከወገቤ በታች ዶርዜ ነኝ» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ያ ቀልድ የእኛ ዳስ ቀልድ ነበር።

የኩርኩፋው ሳህን ግማሹን እንደያዘ መመለስ ጀመረ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ቀትር ላይ ባለቤቴ ስትመጣ እሱ ሱቁ ነው፣ ወይም ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ «አልራበኝም» ይላል። ባለቤቴ ሳህኑን አየችና፣

«ከማን ጋር ነው የተጣላህ?» አለችኝ።

«ከማንም።»

«ታዲያ የማንን ድርሻ ነው የምትመልስልኝ?»

ሳህኑን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰው የሚሆን ብቻ ማምጣት ጀመረች፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። «ለእሱም አምጪ» አልኳት። አመጣች። ግማሹ ተመለሰ።

እንዲህ ስንቆይ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ የምትኖር የአንድ አስተማሪ ሚስት፣ ከሰሜን የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ከእኛ የገዛችውን ጋቢ በክንዷ አንጠልጥላ መጣች። አንድ ጊዜ አጥባዋለች። በሩ ላይ ቆማ ዘረጋችው። አንዱ ጎን ሜዳ ነው። ሌላው ጎን እዚህ ተኮማትሮ፣ እዚያ ተነፍቶ፣ ስፌቱን እየጎተተ አጣሞታል።

«ሁለት ሰው ነው እንዴ የሸመነው?» አለች።

«አዎ እመቤት፣ ድሮም ሁለት ነን።»

ወደ ባዶው ጉድጓድ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «እንግዲያው ተጣልታችኋላ» አለች። «ታረቁና ሌላ ሥሩልኝ።»

እስቃለሁ ብዬ አልሳቅሁም። ስትሄድ ጋቢውን ጭኔ ላይ አድርጌ በጣቴ ተከተልኩት። ድሩ እንዳይበጠስ በዱቄት ሙቅ እንቀባዋለን፤ ሙቁ እያለ ሸማ ሁሉ ደረቅና እኩል ነው። ሙቁ ታጥቦ ሲወጣ ነው እጅ የሚታወቀው። የባልንጀራዬ ጎን እንደ ወጣ ገባ መንገድ ሆኗል። በምርቃናው ሰዓት እንደ ብረት አጥብቆ መትቶታል፤ ጠዋት፣ ቅጠሉ ከአፉ ርቆ ሲደነዝዘው፣ እንዳይሆን አድርጎ አልልቶታል። ከዚያ ደግሞ ጥብቅ። ከዚያ ደግሞ ልል።

ሲመጣ አሳየሁት። እያገላበጠ አየው።

«ይኼ ያንተ ጎን ነው» አለኝ።

«ኢሻ፣ ያንተ ነው።»

«ባለቤትህ እንኳ የማትለየውን አንተ ለየህ?»

«አሁንማ ዓይን የሌለውም በጣቱ ይለየዋል። ያ ቅጠል እጅህን ወሰደው። ተመለስ፤ እንደ ድሮው ቀስ ብለን እንሥራ።»

ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ። «ባለሱቁ ነግሮኝ ነበር» አለኝ። «ባልንጀራህ ቀንቶብሃል፣ አንድ ቀን ሥራህን ማጣጣል ይጀምራል ብሎኝ ነበር።»

እንግዲህ ምን ይባላል? እውነቱን ነዋ። ቀንቻለሁ። ያ ሰው ከሸጣቸው ነገሮች ሁሉ ይኼ ነበር ብልጠት ያለበት፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ቃሌን ገዝቶ አስቀመጠው። ቅጠሉ ይጎዳል ብል «ቀና» ነው። ሸማው ተበላሸ ብል «ቀና» ነው። ውሸት ቢሆን እምል ነበር። እውነት ስለሆነ መማል አልቻልኩም።

«አዎ ቀናሁ» አልኩት። «ሸማው ግን ያንተ ነው።»

የሰማው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ወጣ።

ለዚያች ሴት የሚሆነውን ጋቢ እንደገና ጀመርን፤ እሱ ጎኑን፣ እኔ ጎኔን፣ ሳንነጋገር። የተጨረሰ ጎን የምናስቀምጥበት አንድ ሳንቃ ነበረን። ሁለቱንም አጣጥፈን እላዩ ላይ አስቀመጥን። የገበያው ቀን ጠዋት ባልንጀራዬ እየተቻኮለ መጥቶ አንዱን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። ለሽቦው መሆኑን አወቅሁ። የትኛውን እንደያዘ አላየሁም፤ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

ረፈድ ሲል ወደ ገበያ ሳልፍ ሱቁ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። ላልፍ ነበር። ጠርዙ ላይ ዓይኔ ዐረፈ። ከታች፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ የተቋጠረ ክር አለ። ያ ክር ባለቤቴ በታመመች ሰሞን የፈተለችው ነው፤ ቀጥኖባት ተበጠሰብኝና ቋጠርኩት። ሸማኔ የራሱን ቋጠሮ አይረሳም። ባልንጀራዬ በጥድፊያ ያነሳው የእኔን ጎን ነው።

የተሰቀልኩት እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፤ ምን ይደረግ። ያ ሁሉ ሰው ጠርዜን እየዳሰሰ «ቀጥ ያለ ነው» ሲል፣ ነጋዴዎቹ ሲያወርዱት ሲሰቅሉት፣ ቆሜ ጠጣሁት። ከዚያ ስሙ ተጠራ። የባልንጀራዬ። እሱ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ሰበር አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ። ሸማውን ቀና ብሎ አላየውም፤ ቢያየው ያውቅ ነበር።

«ይኼ እጅ በቅጠል የተፈታ እጅ ነው» አለ ባለሱቁ። «ሌላ ምንም አልጨምርም።»

በዚያ ሳምንት ከደጋ የወረደ አንድ ሸማኔ ነበር፣ የሚስትና የልጆች አባት። መዳፉን ሸማዬ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ገባና እስር ይዞ ወጣ። ዓይኔ እያየ በእኔ ሸማ ምክንያት ገዛ። እኔ፣ አንዲት ቅጠል ያልተስማማችኝ ሰው።

ያኔ ነው ሄጄ ሸማውን የያዝኩት።

«የእኔ ነው» አልኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልቅምም።»

ባለሱቁ አልተቆጣም። እንደ ሕመምተኛ ነው ያየኝ። «ጋሼ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቅናትህን እቤትህ አድርግ። ሰው ፊት አያምርብህም።»

«ሌላው ጎን ዳሳችን ውስጥ አለ። ሁለቱንም እንጠባቸው፣ እጅ ይታወቃል።»

ባልንጀራዬ ቋጠሮዬን ያየው ያኔ ነው። ፊቱ ተለወጠ። «ኢሻ፣ ተው» አለኝ ቀስ ብሎ። ተው ያለው ሸማውን ነው ወይስ እሱን ራሱን፣ አልጠየቅሁትም። ብተወው ኖሮ ስሙ እንደተጠራ፣ ምንጣፉም እንደተነጠፈ ይቀጥላል። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ምንጣፉ እንዲነሳ፣ እሱም ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ ነበር። ሄጄ ሌላውን ጎን አመጣሁ።

የቦኖ ውኃው ጋ አንዱን ከአንዱ ሳለይ ነከርኳቸው፣ አሸኋቸው፣ የሱቁ አጥር ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ለዚህ ነገር ሰነፍ አይደለችም። ሰዉ ኦቾሎኒ እየበላ ጠበቀ። የመጫወቻ ያህል ነው የያዙት፤ «ማን ያሸንፋል?» የሚልም ነበር። ሲደርቅ ቋጠሮ ያለበት የእኔ ሜዳ ሆኖ ቀረ። የእሱ ተኮማተረ፣ ተነፋ፣ ተኮማተረ።

ሁሉም አየ። አሁን አለቀ ብዬ ነበር።

ባለሱቁ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ የተጨማደደውን ጎን ዳሰሰው። አልቸኮለም።

«ጥሩ አደረግህ ጋሼ» አለኝ። «እስቲ እናንተ ሸማኔዎች ናችሁ፣ ንገሩኝ። የጠበቀው የትኛው ሰዓት የተሠራ ነው?»

«ከሰዓት» አለ አንዱ።

«የላላውስ?»

«ጠዋት ይሆናል።»

«ጠዋት ይቅማል እሱ?»

«አይ፣ ጠዋትማ አይቅምም።»

«በቃ» አለ ባለሱቁ፣ እጁን እያራገፈ። «የቃመበት እንደ ብረት ነው። ያልቃመበት ነው የተነፋው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ረፋድ ላይ ነበር የምከፍተው። ከነገ ጀምሮ በማለዳ እከፍታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ጎን ዞረ። «ጋሼ ደግሞ የብቻው ፍጥረት ነው። እንደ እሱ የተፈጠረ ካለ ከእኔ አይግዛ።»

ሳቁ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፣ የመገላገል ሳቅ ነው። ከደጋ የወረደው ሰውም ሳቀ፤ እስሩን ብብቱ ሥር ጠበቅ አደረገ። በማግስቱ ማለዳ ደጃፉ ላይ ሰው ነበር። ዓይኔ አይቷል።

ባልንጀራዬ ግን አልሳቀም። የእሱን ጎን ከአጥሩ አንሥቶ ዳሳችን ድረስ ይዞት መጣ። ሳንቃው ላይ አስቀመጠው።

«ከዚህ ሁሉ ብትመታኝ ይሻል ነበር» አለኝ።

«ብመታህ ትመለስ ነበር?»

አሰበበት። ለእሱ ወግ ነው ይኼ፤ የጠየቅኸውን ሳያስብ አይመልስም። «ምናልባት» አለ። ከጉድጓዱ ጠርዝ መወርወሪያውን አንሥቶ ወጣ። አባቴ ከወይራ የቀረጸለት መወርወሪያ ነው፤ የእኔም ከዚያው ግንድ የወጣ ነው። ሌላ ዕቃ አልያዘም።

ባለሱቁ በጓሮው ጉድጓድ አስቆፈረለት። መንገዱን ተሻግሮ መምቻው ይሰማኛል። ከዚያ ሁሉ ሸማኔ ድምፅ መካከል የእሱን እለየው ነበር፤ ማለዳ ቸኮል፣ ቀትር ላይ ኃይለኛ፣ ወደ ማታ የሚደነቃቀፍ። ሥራዬን አቁሜ አዳምጣለሁ። ሌላ ሴት ቤት እንደገባ ባል ቀናሁበት ብል ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ ግን ከዚያ የሚቀርብ ቃል አላገኘሁም። ሳህኑን ለሁለት ሰው አምጪ ማለቱን ለመተው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

የአዲስ አበባ ነጋዴዎች እየቆዩ የሲቀላን ጋቢ ሳያጥቡ አልገዛ አሉ። ሽቦው ዝጎ ቀረ። ምንጣፉ ግን አልተነሣም፤ ያኔ ሰዉ ሽቦ አያስፈልገውም ነበር። ባልንጀራዬም ጥቂት ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ሄደ ሲባል ሰማሁ። ለእኔ አልነገረኝም።

ለአስተማሪው ሚስት ሌላ ጋቢ ሠራሁላት፣ ሁለቱንም ጎን ራሴ። ያንን በገበያው ቀን የታጠበውን፣ የእኔን ሜዳና የእሱን ወጣ ገባ፣ ባለቤቴ እንድትገጥመው ሰጠኋት።

«ይኼ እኮ አይገጥምም» አለች።

«እንደምንም አድርገሽ ስፊው።»

ሰፋችው። ስፌቱ እንደ እባብ ይሄዳል። ለብሼው ስነሣ አንዱ ትከሻዬ ላይ ይረጋል፣ ሌላው ይንሸራተታል።

የመስቀል ሰሞን የዶርዜ ሰው የትም ቢሆን አገሩ ይገባል። አንድ ዓመት ደመራው ከነደደ በኋላ ሜዳው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው ከጎኔ ተቀመጠ። ከስቷል፣ ጥርሱ ቀለሙን ለውጧል፣ ጉንጩ በአንድ በኩል ነፋ ብሏል። እንኳን አደረሰህ ተባባልን። ስለ ሰው ሞትና ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የጋቢዬን ጠርዝ ያዘ፤ በጣቶቹ ወደ ውስጥ ሄዶ ስፌቱን አገኘው። ስፌቱን ተሻግሮ የራሱን ጎን ደባበሰ።

«አልተረተርከውም» አለኝ።

«አልተረተርኩትም።»

«አሁን ሌላውን ጎን ማን ይሠራልሃል?»

«ራሴ ነኝ።»

«ይገጥምልሃል?»

«ይገጥማል። ባለቤቴ አንዱን ካንዱ አትለይም።»

የደመራው ፍም ላይ ልጆች ይዘላሉ። ጠርዙን አልለቀቀውም።

«ኢሻ» አለኝ በመጨረሻ፣ ጉንጩን በእጁ ሸፍኖ፣ «በዚያ ራስህ በምትሠራው በሁለተኛው ጎን ቀናሁ።»

ጋቢውን ከፈት አድርጌ፣ ብርዱ የዶርዜ ብርድ ነበርና፣ የእሱን ጎን በእሱ ትከሻ ላይ ጣል አደረግሁት። እሳቱ እስኪጠፋ እንደዚያው ተቀመጥን። ሲነጋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈረ። ጋቢው ዛሬም አለ፤ እሱ ተቀምጦበት የነበረው ጎን ነው ቶሎ የሚበርደኝ።